ጥቁር ድንጋይ የለበሱ ሲኒዎች፦ በጎንደር የአንድ የሸክላ ሥራ ቤት ዕቃዎች ከአምስት ወር አገልግሎት በኋላ

ባለፈው መስከረም ከጎንደር ፒያሳ ወደ ወለቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ከሚገኝ አንድ አነስተኛ የሸክላ ሥራ ቤት አንድ ጀበና፣ አንድ የወጥ ድስት፣ ስድስት ሲኒዎችና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ገዝቼ ነበር። እነሆ አሁን የካቲት ገብቷል፤ ከሳህኑ በቀር ዕቃዎቹ በቤቴ አንድም ቀን ሥራ ፈትተው አያውቁም። ሥራ ቤቱ የንግድ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የለውም፤ የሰፈሩ ሰው «ሸክላዎቹ ጋ» እያለ ነው የሚጠራው። በኅዳር ወር ደግሞ ለፈላጊ ሁሉ በሚሰጡት የግማሽ ቀን ትምህርት ተካፍዬ አፈሩ ሲቆፈር፣ ድንጋዩም ሲወቀጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን የምጽፈው ዕቃዎቹን በመጠቀም ካየሁትና በዚያ ቀን ከተማርኩት በመነሣት ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ጀበናውንና ድስቱን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ሲኒዎቹን ከሁሉም አብልጬ ብወዳቸውም በልባሳቸው፣ ማለትም በላያቸው ቀልጦ በተጋገረው መስታወታማ ሽፋን፣ ዓይነት ለይቶ መግዛት ያስፈልጋል፤ ጎድጓዳ ሳህኑ ግን ጉድለት ነበረበት። «ከአካባቢያችን አፈርና ድንጋይ የተሠራ» የሚለውን ቃል ማንም ሻጭ ሊናገረው ይችላል፤ ቃሉ ብቻውን የዕቃውን ጥራት አያረጋግጥም። እዚህ ቤት ያስደሰተኝ የትኛው አፈር ከየትኛው ዳገት እንደተቆፈረ፣ ለጀበና የሚሆነው አፈር ለምን ለሲኒ እንደማይሆን፣ የትኛው ድንጋይ በምን ያህል ሙቀት እንደሚቀልጥ ጠይቄ ለእያንዳንዱ መልስ ማግኘቴ ነው።

ሲኒው ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ይመስላል። ወደ መስኮት አቅርበው ሲያዞሩት ግን ልባሱ በሳሳበት በከንፈሩ ዙሪያ የተቆላ ቡና የመሰለ ቀላ ያለ ቡናማ ቀለም ብቅ ይላል፤ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይጠቁራል፤ ከመቀመጫው ጥቂት ከፍ ብሎም ልባሱ ቀልጦ ሲወርድ የቆመበት አንድ ወፍራም ጠብታ ይታያል። ጠብታው እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ በስድስቱም ሲኒዎች ላይ የቆመበት ስፍራ የተለያየ ስለሆነ በቤታችን እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሲኒ የሚለየው በዚሁ ጠብታ ነው። መቀመጫው ሳይለበስ በመቅረቱ የአፈሩን ሸካራነት በጣት መዳሰስ ይቻላል፤ ነገር ግን በደንብ ስለተፈተገ ረከቦቱን አይጭርም።

ይህን ቀለም የሰጠው የጎንደር ሰው በየዕለቱ የሚያየው ጥቁር ድንጋይ ነው። የፋሲል ግቢ ግንቦች በኖራ እየተያያዙ የቆሙት በዚሁ ድንጋይ ነው፤ የከተማችን የብዙ አጥርና የብዙ ቤት መሠረትም እርሱ ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ባዛልት ይሉታል፤ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቆች እየፈሰሰ የተነባበረ ዓለት ነው። አስቀድሞ ቀልጦ የነበረ ነውና ሙቀቱ ወደ 1,200 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ተመልሶ ይቀልጣል፤ በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ከክብደቱ 10 በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስለሆነም ሌላ ቀለም ሳይጨመርበት ቡናማና ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሸክላ ሠሪዎቹ የድንጋዩን ዱቄት ከባሕር ዛፍ አመድና ከጥቂት ቀይ አፈር ጋር በውሃ በጥብጠው ሲኒውን ይነክሩበታል። አመዱ የሚጨመረው ካልሲየም ስለሚበዛበትና ድብልቁ ቶሎ እንዲቀልጥ ስለሚረዳ ነው፤ አፈሩ ደግሞ ልባሱ ከሲኒው ላይ ተንሸራትቶ እንዳያልቅ ያጠነክረዋል። ግሌዝ የሚባለው መስታወታማ ልባስ በብዙ ቦታ በከረጢት ተገዝቶ የሚመጣ ነገር ነው፤ እዚህ ግን ከምድጃ ከሚጠረግ አመድና ከድንጋይ ጠራቢዎች እግር ሥር ከሚወድቅ ፍርካሽ ይዘጋጃል። የፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስፍራ ነውና ከግንቦቹ አካባቢ አንዲትም ጠጠር እንደማያነሡ ሳልጠይቃቸው ነግረውኛል። ይህን በማስቀደማቸው አክብሬአቸዋለሁ።

ባዛልት በዋዛ የሚደቅ ድንጋይ አይደለም። በኅዳሩ ትምህርት ያየሁት ዘዴ ፍርካሹን በከሰል እሳት ውስጥ እስኪግል አቆይቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መጣል ነው፤ ድንጋዩ በድንገተኛው ቅዝቃዜ ስለሚሰነጣጠቅ ከዚያ በኋላ በብረት ሙቀጫ ይወቀጣል፣ በወንፊት ይነፋል፣ ወንፊት ያለፈውም እንደገና በጥብቅ በተሸመነ ጨርቅ ይጣራል። እዚህ ላይ አንድ ከባድ ቅሬታ አለኝ። ይወቅጥ የነበረው ወጣት አፍና አፍንጫውን አልሸፈነም፤ ዱቄቱ ፊቱን አመድ አስመስሎት ነበር። የድንጋይና የደረቅ አፈር ብናኝ ለዓመታት ሲተነፍሱት ሳንባን ይጎዳል። ውሃ እያርከፈከፉ መውቀጥና ጭምብል ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ይህን ለባለቤቶቹ በዚያው ዕለት ነግሬአቸዋለሁ፤ ወደዚያ የምትሄዱ ደንበኞችም ባያችሁ ጊዜ ሁሉ እንድትናገሩ እለምናለሁ። የምንወደው ሲኒ በአንድ ልጅ ሳንባ የተገዛ እንዲሆን አንፈልግም።

የአፈሩ ሥራ በሌላ እጅ ነው። ያስተማሩን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሸክላ ሲሠሩ የኖሩ አንዲት እናት ናቸው። ከመንገዱ በላይ ዳገቱ ተቆርሶ አፈሩ በተገለጠበት ስፍራ አቁመውን፣ ሣሩና ሥሩ ያለበትን የላይኛውን ንጣፍ በዶማ እየገፈፉ፣ «ልጄ፣ ላዩን ተዪው፤ ላዩ የበሬ ነው፤ የሸክላው ከሥር ነው» አሉኝ። ከሥር የወጣውን ቀይ አፈር ቆንጥረው በፊት ጥርሳቸው ፈጩትና ለእኔም ሰጡኝ። «ቅመሺው። ቅርጭ ካለብሽ አሸዋ አለው፤ እንደ ቅቤ ከተንሸራተተ ደግሞ ብቻውን አይቆምም፤ ይሰነጠቃል።» እኔም «እትዬ፣ ትንሽ ቅርጭ ይላል» ብላቸው፣ «እንግዲያው ለድስት ነው» ብለው ወደ ጆንያው ጨመሩት። ቀጥሎም በምራቃቸው ያራሱትን ጭቃ እንደ ትል አድቦልቡለው በጣታቸው ላይ ጠመጠሙት፤ ሳይሰነጠቅ ስለተጠመጠመ ጥሩ ነው አሉ።

ያ አፈር ወዲያው ውሃ ውስጥ የሚገባ መስሎኝ ነበር። ግን መጀመሪያ በፀሐይ ፈጽሞ መድረቅ አለበት፤ ርጥብ የአፈር ጓል ውሃ ውስጥ ቢጣል ለቀናት ጓል ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ፈጽሞ የደረቀው ግን ውሃውን ሲስብ አረፋ እያወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። ይህን በሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን አሳዩን። ከዚያ ቀይ አፈርና ከረባዳው መሬት የመጣ ዋልካ የሚባል ጥቁር አፈር ለየብቻ አቡክተን ሁለት ጠፍጣፋ ሰሌዳዎች ሠራን፤ በእያንዳንዱ ላይ የ10 ሳንቲ ሜትር መስመር አሰመርንበት። ቤቴ ወስጄ በጥላ ካደረቅኋቸው በኋላ ስለካቸው የቀዩ መስመር 9.3፣ የዋልካው 8.6 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አገኘሁት፤ ዋልካው መሐሉ ላይ ተሰንጥቆም ነበር። በየበጋው ማሳችን ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚከፍተው የዋልካ ጠባይ በእጅ በሚያዝ ሰሌዳ ላይ ታየ ማለት ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። እትዬ ይህን ያለ መለኪያ ያውቁታል፤ ዋልካን የሚጨምሩት ቀዩ አፈር ሲገረጅፍባቸው እንዲያያይዝላቸው በጥቂቱ ብቻ ነው። ለትምህርቱ የከፈልኩት 600 ብር በዚህች ሰሌዳ ብቻ ተመልሶልኛል።

ወለቃን ስናነሣ የዚህ እውቀት ባለቤቶች እነማን እንደነበሩ ማስታወስ ተገቢ ነው። ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች፤ ርስት ከመያዝ ተከልክለው በነበሩባቸው ዘመናት ወንዶቹ በአንጥረኝነትና በሽመና፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። የሠሩትን ድስትና ጋን ሁሉም እየተጠቀመበት፣ ሠሪዎቹ ግን ቡዳ እየተባሉ ይገፉ ነበር። በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። ሸክላ መሥራት በአካባቢው አልጠፋም፤ ዛሬም በመንገዱ ዳር ጥቁር የአንበሳና የሰው ምስሎች ይሸጣሉ። እኔም በልጅነቴ ሸክላ ሠሪን የሚያንቋሽሽ ንግግር ሰምቼ አድጌአለሁ፤ ለዚህም ነው ያቺ እናት አፈሩን በጥርሳቸው ሲመረምሩ በአክብሮት ዝም ብዬ የተመለከትኳቸው።

ድስቱና ጀበናው የተሠሩት በእርሳቸው ዘዴ ነው። መንኮራኩር የለም፤ ጭቃው እንደ ገመድ እየተድቦለቦለ ይነባበራል፣ በእጅ ይያያዛል፣ ሲጠነክር በወንዝ ጠጠር እየታሸ ይለሰልሳል። በጭቃው ውስጥ የተፈጨ ገልና የባዛልት ድቃቂ ተጨምሮበታል፤ ይህም የቃጠሎን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ትልቅ ብልሃት ነው። ነጭ የወንዝ አሸዋ በአብዛኛው ኳርትዝ ነው፤ ኳርትዝ ደግሞ 573 ዲግሪ ላይ ሲደርስ በድንገት ስለሚሰፋ፣ ሲቀዘቅዝም መልሶ ስለሚኮማተር በብዛት ያለበትን ሸክላ ውስጥ ውስጡን ሊያላላው ይችላል። ገልና ባዛልት ግን ሙቀት ሲነካቸው የሚሰፉት ከሸክላው ብዙ ባልራቀ መጠን ነው፤ በየቀኑ እሳት ላይ ለሚጣድ ዕቃ የሚሻሉትም በዚህ ምክንያት ነው። ቃጠሎው ሜዳ ላይ በማገዶና በኩበት ይካሄዳል፤ እንዲህ ያለ ቃጠሎ ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው፤ አፈሩን ወደ ሸክላነት ለመለወጥ ይበቃል፣ ባዛልቱን ለማቅለጥ ግን አይበቃም። በድስቱ ውስጥ ጠጠር ሆኖ የቀረው ድንጋይ በሲኒው ላይ መስታወት የሆነው የእሳቱ ልክ ስለተለያየ ነው።

ጀበናውን እንደገዛሁ አክስቴ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። እርሷ ዕቃ የምትመረምረው በጥፍሯ ነው፤ አንጠልጥላ መታ መታ ታደርገውና ጆሮዋን ታስጠጋለች። «ይጮኻል፤ ስንጥቅ የለውም» ብላ መለሰችልኝ። ካሟሸሁት በኋላ እስከ ዛሬ አንድም ጠብታ አላንጠባጠበም፤ አንገቱ ጠበብ ያለ ስለሆነ አተላውን ይይዛል፤ እጀታው ሁለት ጣት በሚገባ ያስገባል። ድስቱ ሽሮን ከብረት ድስት ዘግይቶ ያፈላል፣ ከወረደ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ እየተንተከተከ ይቆያል፤ ለዶሮ ወጥ ከዚህ የተሻለ ዕቃ በቤቴ የለም። ክዳኑ ብቻ በአንድ ጎን ጥቂት ስለሚያነክስ እንፋሎት ያሾልካል። ጀበናውን በ450፣ ድስቱን በ700 ብር ነው የገዛኋቸው፤ ከቅዳሜ ገበያ ይወደዳል፤ ነገር ግን ከገበያ ከገዛኋቸው ሦስት ጀበናዎች ሁለቱ ዓመት ሳይሞላቸው መሰንጠቃቸውን ሳስብ ዋጋው አልከበደኝም።

ጎድጓዳ ሳህኑን በተመለከተ፣ ከገዛሁት ሦስት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ጠዋት ሳነሣው ከውስጥ ጎኑ የጥፍር ስፋት ያላት ቅርፊት ተነሥታ ወድቃለች፤ በወደቀችበት ጉድጓድ መሐል የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ነበረች። በሳምንቱ ሌላ ቅርፊት ተነሣ። ይህ የኖራ ሥራ ነው። በዋልካ ውስጥ ብዙ ጊዜ ነጫጭ የኖራ ድንጋይ እንክብሎች ይገኛሉ፤ በቃጠሎ ጊዜ ውሃ ወዳልነካው የተቃጠለ ኖራ ይለወጡና ከዚያ ከአየሩ ርጥበት እየሳቡ ያብጣሉ፣ በላያቸው ያለውንም ሸክላ ይገፉታል። ችግሩ አፈሩን በደቃቅ ወንፊት ባለማጣራት የመጣ ነው። ሳህኑን ይዤ ስመለስ ሳይከራከሩ ገንዘቤን መልሰው ሌላ ሊሰጡኝ ፈለጉ፤ ገንዘቡን ብቻ ተቀበልኩ። በኅዳር ስሄድ የሳህኑ አፈር የሚነፋበት ወንፊት በደቃቅ መለወጡን አይቻለሁ፤ የተሰበረውንም ሳህን በጓዳው መደርደሪያ ላይ ከነነጭ ነጥቡ ለማስተማሪያ አስቀምጠውታል። ቅሬታን እንዲህ የሚቀበል ሥራ ቤት ጥቂት ነው።

ወደ ሲኒዎቹ ልመለስና ገዢ ሊያውቀው የሚገባውን ልናገር። ከስድስቱ አራቱ አንጸባራቂ ጥቁር ናቸው፤ ሁለቱ ግን አመዱ በዝቶ የተደባለቀበት፣ ብርሃን የማያንጸባርቅ አረንጓዴ ቀመስ ግራጫ ልባስ ያላቸው ናቸው። ለዓይን የሚያምሩት ግራጫዎቹ ናቸው። ከሁለቱም ዓይነት አንዳንዱን ወስጄ ግማሹ ድረስ ሆምጣጤ ሞልቼ አንድ ሌሊት አሳደርኳቸው። ጠዋት ሳጥባቸው ጥቁሩ ምንም አልሆነም፤ በግራጫው ውስጥ ግን ሆምጣጤው የደረሰበት ልክ እንደ ቀለበት ተሠምሮ፣ ከመሥመሩ በታች ያለው ነጣ ብሎ ነበር። ይህ ማለት አመድ የበዛበት ልባስ ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ከራሱ ጥቂት ይለቅቃል ማለት ነው። የተቀላቀለው ድንጋይ፣ አመድና አፈር ብቻ ስለሆነ እንደ እርሳስ ያለ መርዛማ ማቅለጫ አልገባበትም፤ ስለዚህ በአንድ ሲኒ ቡና አልደነገጥኩም። ቢሆንም ሎሚ ያለበት ሻይ፣ ጠጅና እርጎ በግራጫዎቹ አላቀርብም፤ ሻጮቹም ይህን ለገዢ ሊነግሩ ይገባል። ይህ ፈተና በማንም ቤት ሊደረግ የሚችል ነው፤ በማንኛውም አዲስ ልባስ ላይ እንድታደርጉት እመክራለሁ።

ሌላው ቅሬታዬ በሲኒዎቹ ላይ የተንጠለጠለችውን ወረቀት ይመለከታል። «ሙሉ በሙሉ ከጎንደር አፈር» ትላለች፤ ይህ ለድስቱና ለጀበናው እውነት ነው፤ ለሲኒዎቹ ግን አይደለም። የአካባቢያችን ቀይ አፈር ብረቱ ብዙ ስለሆነ 1,200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፣ ይነፋል፣ ቅርጹንም ያጣል። ስለዚህ ለሲኒው ገላ በጉጂ ዞን ከሚገኘው ከቦምቦሃ የሚመጣ ካኦሊን የሚባል ነጭ አፈር ይቀላቅላሉ። ስጠይቃቸው ሳይደብቁ ነገሩኝ፤ ከጎንደር የሆነው ልባሱና ከገላው ጥቂቱ ነው። ታዲያ ለምን እንዲሁ አይጻፍም? የጉጂ አፈርና የጎንደር ድንጋይ በአንድ ሲኒ መገናኘታቸው የሚያሳፍር አይደለም፤ እኔ እንዲያውም ይህን ካወቅሁ በኋላ ሲኒውን ይበልጥ ወደድኩት።

የአንዱ ሲኒ ዋጋ 380 ብር ነው፤ ውድ ነው። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ አብዛኛው ወጪ የኤሌክትሪክ እቶኑ ነው አሉ፤ እቶኑ ወደ ላይ እየሞቀ ሳለ መብራት ከጠፋ ልባሱ በግማሽ ቀልጦ እንደ አሸዋ ሸካራ ሆኖ ይቀራል፣ ያን ሁሉ ሲኒም እንደገና መልበስና መተኮስ ያስፈልጋል። በጥር ያዘዝኳቸው ሁለት ሲኒዎች በዚህ ምክንያት አሥራ ሁለት ቀን ዘግይተውብኛል፤ ለጥምቀት እንግዳ አስቦ የሚያዝ ሰው ከታኅሣሥ መጀመሪያ በፊት ቢናገር ይሻለዋል። ሜዳ ላይ የሚተኮሰው ድስትና ጀበናም በክረምት ስለማይሠራ ከግንቦት በኋላ የሚገኘው የተረፈው ብቻ ነው። ዕቃ ሲያስረክቡ በገለባ ጠቅልለው በካርቶን ያሽጋሉ፤ ለባሕር ዳር ዘመዴ በአውቶቡስ የላክሁለት ድስት ሳይጫር ደርሷል።

ለፋሲካ ስድስት ሲኒ ጨምሬ አዝዣለሁ፤ ሁሉም ከውስጥ አንጸባራቂው ጥቁር እንዲሆኑ፣ ግራጫው ከውጭ ብቻ እንዲለበስ ተስማምተናል። ወረቀቷም ላይ የቦምቦሃ ስም እንዲጻፍ ጠይቄአለሁ፤ «የሚቀጥለው ሲታተም» ብለውኛል።